የ11ኛው ክፍለ ዘመን የስካንዲኔቪያ የብር ፔኒ፦ ሳታበላሹ የምትለዩበት ዝርዝር መመሪያ

ፎቶ የሚልኩልኝ ሰዎች ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ሳንቲም የማን ነው?» ፎቶውን ስከፍተው ሳንቲሙ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል። ታጥቧል ማለት ነው። ክብደቱ አልተጻፈም። ፎቶው የተነሳው በፍላሽ ስለሆነ ፊደሎቹ ጠፍተዋል። በዚህ ሁኔታ እኔ ቀርቶ የሙዚየም ባለሙያም ብዙ ሊረዳችሁ አይችልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ። መመሪያው ከ995 ገደማ እስከ 1090ዎቹ በስዊድን፣ በዴንማርክና በኖርዌይ ነገሥታት ስም ለተመቱ ትንንሽ የብር ፔኒዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደረጃ አትዝለሉ። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው 2ኛውን ትቶ ወደ 6ኛው ከመሮጥ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሳንቲሙ ከየት መጣ?

ከመሬት ከወጣ የእናንተ ላይሆን ይችላል። በኖርዌይ ከ1650 በፊት የተሠራ ሳንቲም ከመሬት ሲገኝ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለፊልከስኮሙነ (ለክልሉ አስተዳደር) ታሳውቃላችሁ። በዴንማርክ እንዲህ ያለ ግኝት «ዳነፌ» ይባላል። ለአካባቢው ሙዚየም ይሰጣል፣ ለአገኘው ሰውም ካሳ ይከፈላል። በስዊድን ያለ ሌንስስቲሬልሰን (የአውራጃው አስተዳደር) ፈቃድ በሜታል ዲቴክተር መፈለግ በራሱ ክልክል ነው። በአጋጣሚ ያገኛችሁትን ጥንታዊ ብርም ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

መሬት ላይ ካያችሁት ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ እንዳለ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ መቆፈሩን አቁሙ። አንድ ፔኒ ካለ ከሥሩ ሙሉ ክምችት ሊኖር ይችላል። በስዊድን ጎትላንድ ደሴት፣ ስፒሊንግስ በተባለ ቦታ በ1999 የተገኘው የብር ክምችት 67 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአካፋ አይነካም።

ከገበያ ወይም ከጨረታ ከገዛችሁት ደግሞ የባለቤትነት ታሪኩን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ሻጩ «ከአያቴ ሳጥን» ብቻ ካለ ግዢውን ተዉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን (0.001 የሚለይ ቢሆን ይመረጣል)፣ ካሊፐር፣ ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ወረንጦ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ወረቀትና ለስላሳ ጨርቅ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አንጥፉት። ቀጭን ብር ሴራሚክ ላይ ቢወድቅ ለሁለት ይሰበራል።

ደረጃ 1፦ አትጠቡት

በሎሚ አይሆንም። በአመድ አይሆንም። በጥርስ ሳሙና፣ በኮምጣጤ፣ በቤኪንግ ሶዳና በፎይልም አይሆንም። ጠገራ ብር በዚህ መንገድ ሲታጠብ አይታችሁ ይሆናል። ጠገራ ብር ግን 28 ግራም የሚመዝን ወፍራም ብረት ነው። ይሄኛው አንድ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የፊደሎቹ ከፍታም ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም።

ጥቁሩ ሽፋን ብሩ ከድኝ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው። አረንጓዴው ከመዳብ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ፊደሉ የቀረው በዚሁ ሽፋን ውስጥ ነው። አንድ የማውቀው ሰው የኖርዌይ ፔኒውን በሙቅ ውሃ፣ በቤኪንግ ሶዳና በፎይል ዘፈዘፈው። ከመዘፍዘፉ በፊት በተነሳው ፎቶ ላይ ከንጉሡ ስም አራት ፊደል ይነበብ ነበር። ሲወጣ የቀረው አንድ ቋሚ መስመር ብቻ ሆነ። እስካሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

*ከተበላሸ፦* ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ቀድሞ ከነካው፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቁት። አትሹት። ወረቀት ላይ አስቀምጡትና በራሱ ይድረቅ። ፀጉር ማድረቂያ አትጠቀሙ። ስንጥቅ ካያችሁበት ውሃም አታስነኩት፤ እንዳለ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ደረጃ 2፦ መዝኑ፣ ለኩ

ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሦስት ጊዜ መዝናችሁ መካከለኛውን ጻፉ። ወርዱን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ በመዶሻ የተመታ ሳንቲም ፍጹም ክብ አይሆንም። የስዊድኗ የሲግቱና ከተማ አንዳንድ ሳንቲሞች እንዲያውም አራት ማዕዘን ናቸው።

ክብደቱ ብዙ ይናገራል። በኖርዌይ አንድ ማርክ 214 ግራም ገደማ ነበር፤ ከአንድ ማርክ 240 ፔኒ ይመታ ነበር። 214ን ለ240 ስታካፍሉ 0.89 ግራም ይመጣል። የንጉሥ ሃራልድ ሃርድሮደ ፔኒዎች የሚያንዣብቡት እዚሁ አካባቢ ነው። ልጁ ኦላቭ ሺረ በዘመኑ አጋማሽ ገደማ ክብደቱን በግማሽ ቀነሰው። ስለዚህ የኖርዌይ የሚመስል ሳንቲም 0.45 ግራም አካባቢ ከመዘነ ተቆርጧል ብላችሁ አትጣሉት። ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነበር።

*ከተበላሸ፦* ቁጥሩ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ መስኮት ዝጉ፣ ስልካችሁን ከሚዛኑ አርቁ። 0.1 ግራም ብቻ የሚለይ የኩሽና ሚዛን ለዚህ ሥራ አይረባም።

ደረጃ 3፦ በጎን ብርሃን ፎቶ አንሱ

ክፍሉን አጨልሙ። ፍላሹን አጥፉ። የእጅ ባትሪውን ከጠረጴዛው ከፍታ ብዙም ሳታነሱ ከግራ በኩል አብሩ። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ከዚያ ባትሪውን ሩብ ዙር እያዞሩ በየፊቱ አራት ፎቶ አንሱ፤ በድምሩ ስምንት ማለት ነው። ሳንቲሙን አታዙሩት፤ የሚዞረው ብርሃኑ ነው። ሳንቲሙ ከዞረ ፎቶዎቹን ደራርቦ ማነጻጸር አይቻልም።

ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ። በአንዱ ፎቶ የማይታይ ፊደል በሌላው ብቅ ይላል። እኔ ከጠቅላላው ንባቤ ግማሹን ያገኘሁት ከአራተኛው ፎቶ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ደረጃ 4፦ የጽሑፉን መነሻ ፈልጉ

በጠርዙ ዙሪያ የሚሄደው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከትንሽ መስቀል ነው። መስቀሉን ወደ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አንብቡ። አንደኛው ፊት የንጉሡን ስም ይይዛል። ሌላኛው የአታሚውንና የከተማውን ስም ይይዛል።

ቀጥሎ የሁለቱን ፊቶች አቅጣጫ መዝግቡ። የፊት ለፊቱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጡት፤ የጀርባው መስቀል ስንት ዲግሪ እንደዞረ ጻፉ። የሰዓት ቁጥር አትጠቀሙ፤ የእኛና የእነሱ ሰዓት ይለያያልና ያምታታል። ይህ ቁጥር የሚጠቅመው የታችኛው ማተሚያ ብረት ግንድ ላይ ተተክሎ፣ የላይኛው በእጅ ተይዞ ስለነበር ነው። አታሚው እጁን እንዴት ይይዝ እንደነበር ይነግረናል።

*ከተበላሸ፦* መነሻ መስቀል ካልታየ፣ ምቱ መሃሉን ስቶ ወደ ጎን ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የጎደለውን አትሙሉ። «ከዚህ እስከዚህ አይነበብም» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ፊደሎቹን አንብቡ

እዚህ ጊዜ ስጡት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያየውን ሳይሆን የሚጠብቀውን ያነባል።

1. በመጀመሪያ ፊደል ሳትሰይሙ መስመሮቹን ብቻ ሣሉ፦ ቋሚ፣ አግድም፣ ቅስት። ማተሚያው ላይ ፊደል የሚቀረጸው ከትንንሽ ጭረቶች ነበር። ሁለት ጭረት ከቀረበ አንድ ፊደል ይመስላል፤ ከራቀ ሁለት ይሆናል።

2. ከዚያ የላቲን ፊደል ስጧቸው። ተጠንቀቁ፦ «ፒ» የምትመስለው አንዳንዴ የጥንት እንግሊዞች «ዊን» የምትባለው ፊደል ናት፤ ድምጿ «ው» ነው። ጎድዊነ የሚለው ስም ለጀማሪ «ጎድፒነ» ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። «ኤስ» እንደ «ዜድ» ልትጻፍ ትችላለች። በዴንማርኩ ንጉሥ በስቬን ፎርክቤርድ ሳንቲም ላይ ስሙ «ዝቬን» ተብሎ ነው የተቀረጸው። «ኤን» ተገልብጣ ትገኛለች። «ኤ» አግዳሚዋን ትጥላለች።

3. ጽሑፉ ወደ ኋላ የሚሄድ ከመሰላችሁ ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጡት። ማተሚያው ላይ ፊደል የሚቀረጸው በግልባጭ ነው። ቀራጩ ይህን ከረሳ ሳንቲሙ ላይ ግልባጩ ይወጣል። ማንበብ የማይችሉ ቀራጮችም ነበሩ፤ የእንግሊዝን ሳንቲም እያዩ ቅርጹን ብቻ ገልብጠዋል። ትርጉም የሌለው የፊደል ሰልፍ ሐሰተኛ መሆኑን አያሳይም።

4. ቀጥ ያሉ ግንዶችና ሰያፍ ቅርንጫፎች ብቻ ካያችሁ ሩን (የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ፊደል) ሊሆን ይችላል። በኋለኛው የዴንማርክ ንጉሥ በስቬን ኤስትሪድሰን ዘመን በሉንድ ከተማ ከ1065 እስከ 1075 ገደማ ሳንቲም በሩን ይጻፍ ነበር። በኖርዌይም «ይህ ማተሚያ የጉናር ነው» የሚል የሩን ጽሑፍ ያለው ፔኒ አለ። አንድ የእጅ ባለሙያ ስሙን በራሱ ቋንቋና በራሱ ፊደል ጽፏል። እኔ ፔኒ ላይ ካየኋቸው ጽሑፎች ሁሉ የምወደው ይሄ ነው።

*ከተበላሸ፦* ሁለት ሰዓት አይታችሁ ሦስት ፊደል ብቻ ካገኛችሁ አቁሙ። በማግስቱ ፎቶውን ተገልብጦ እዩት። ወይም ላቲን ለማያውቅ ልጅ ስጡትና ያየውን ይሣል። የማይጠብቅ ዓይን በትክክል ያያል።

ደረጃ 6፦ የማን ንጉሥ ነው?

አሁን ብቻ ስም መስጠት ይቻላል። በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

*የንጉሥ ራስና መስቀል አለው?* በመስቀሉ አራት ማዕዘኖች ሲ፣ አር፣ ቪ፣ ኤክስ የሚሉ ፊደሎች ካሉ «ክሩክስ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቃሉ በላቲን መስቀል ማለት ነው። መነሻው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤቴልሬድ ዳግማዊ ሳንቲም ነው። በ994 እንግሊዞች ለኦላቭ ትሪግቫሶንና ለስቬን ፎርክቤርድ ጦር 16,000 ፓውንድ ብር ከፈሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ995 ገደማ፣ ሦስቱም የሰሜን ነገሥታት በዚሁ መልክ የራሳቸውን ማስመታት ጀመሩ፦ ኡሎፍ ሾትኮኑንግ በሲግቱና፣ ስቬን በዴንማርክ፣ ኦላቭ ትሪግቫሶን በኖርዌይ።

የአታሚውን ስም ይዛችሁ አገር አትወስኑ። ጎድዊነ የሚለው ስም በሦስቱም ነገሥታት ሳንቲም ላይ አለ። የሚወስነው የንጉሡ ስምና ማዕረግ ነው፦ «ኦላፍ ሬክስ» («ሬክስ» በላቲን ንጉሥ ማለት ነው) ካለ በኋላ ሲግቱናን የሚጠራ ከሆነ ስዊድን፣ «ዝቬን ሬክስ አድ ዴነር» ካለ ዴንማርክ፣ «ኦንላፍ ሬክስ ኖር» ካለ ኖርዌይ። ንጉሡ ኤቴልሬድ ተብሎ ከተጻፈም ወዲያው እንግሊዝ አትበሉ። ሲግቱና ውስጥ የእንግሊዙን ንጉሥ ስም ሳይቀይሩ የገለበጡ ብዙ ናቸው። ፊደሉ ሸካራ፣ ክብደቱ ከተለመደው የራቀ ከሆነ ግልባጭ መሆኑን ጠርጥሩ።

*ጫፉ ሦስት የሆነ ቋጠሮ አለው?* እንደ ሽሩባ የተጠላለፈ፣ መነሻና መድረሻ የሌለው ቋጠሮ ነው። በጀርባው ድርብ መስመር ያለው መስቀል ካለ የሃራልድ ሃርድሮደ ይሆናል። ሃራልድ በቁስጥንጥንያ የንጉሠ ነገሥቱ ዘብ ሆኖ አገልግሎ ተመልሶ ከ1046 እስከ 1066 ነገሠ። ኖርዌይ በሰፊው የሚዘዋወር የራሷ ገንዘብ ያገኘችው በእሱ ነው። ቋጠሮው በዴንማርክ ሳንቲሞችም ላይ ስላለ ለብቻው አይበቃም። ስሙን ወይም ክብደቱን ጨምሩበት።

*ክርስቶስ፣ መልአክ፣ ባንዲራ ለንጉሥ ሲሰጥ?* ይህ የስቬን ኤስትሪድሰን ነው፤ ሥዕሉ ከቢዛንታይን ወርቅ የተገለበጠ ነው። በዚህ ላይ ብዙም አትደናገሩም።

*አንድ ፊት ብቻ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ?* ብራክቴት ነው። ከ1100 በኋላ ይወድቃል፤ ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

*ከተበላሸ፦* ሁለት ንጉሥ እኩል ከመሰላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ጎዳርድ በተባለ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ሰፈር በ1957 ተገኘ የተባለ አንድ ትንሽ ፔኒ 20 ዓመት ያህል የ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሳንቲም ተብሎ ቆየ። በ1978 ነው የኦላቭ ሺረ፣ ከ1065 እስከ 1080 ባለው ጊዜ የተመታ የኖርዌይ ፔኒ መሆኑ የታወቀው። መጀመሪያ ላይ «እርግጠኛ አይደለንም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ስህተቱ ያን ያህል ባልቆየ ነበር።

ደረጃ 7፦ ብረቱን ፈትሹ፣ ግን አትፋቁት

አንጥረኛ ጋ ወስዳችሁ ድንጋይ ላይ አታስፈትኑ። አሲድ አታስነኩ። መግነጢስ ማስጠጋት ይቻላል፤ ከሳበው ብረት አለበት፣ ሐሰተኛ ነው። ካልሳበው ግን ምንም አላረጋገጣችሁም።

ውሃ ውስጥ መዝኖ ንጽሕናን ማወቅም ለዚህ ሳንቲም አይሠራም። ስሌቱን እዩት። 0.90 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ብር 0.086 ግራም ውሃ ይገፋል። ያው 0.90 ግራም ንጹሕ መዳብ ቢሆን 0.100 ግራም ይገፋል። ልዩነቱ 0.014 ግራም ብቻ ነው፤ ሚዛናችሁ ደግሞ 0.01 ነው የሚለየው። መልሱ ግምት ይሆናል፣ ሳንቲሙ ደግሞ በከንቱ ይረጥባል። ትክክለኛው መንገድ በሙዚየም ወይም በዩኒቨርሲቲ ያለ የኤክስሬይ መመርመሪያ ነው። እሱም ቢሆን የሚያየው ላይኛውን ሽፋን ስለሆነ ብሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

መዳብ መብዛቱ ሐሰተኛ አያሰኘውም። የሃራልድ ፔኒ ሲጀመር ጥሩ ብር ነበር፤ እያደር ብሩ ወደ ሲሶ ወረደ። የአይስላንድ ትረካ እንደሚለው ከሃራልድ ጋር ቁስጥንጥንያ የዘመተው ሃልዶር ስኖራሶን ደመወዙን በዚህ ሳንቲም ተቀበለ። በካባው ጫፍ ይዞ አየው፤ ንጹሕ ብር አልመሰለውም። በሌላው እጁ ከሥር መታው፤ ገንዘቡ ሁሉ ወለሉ ላይ ካለው ገለባ ውስጥ ተበተነ። ሳንቲማችሁ ቀላ ወይም አረንጓዴ ካለ እሱ የተቆጣበትን ዓይነት ይዛችሁ ይሆናል።

ትንንሽ የቢላ ጫፍ ውጋቶችን በመነጽር ፈልጉ። የሰሜን ነጋዴዎች ብሩን የሚፈትኑት በመውጋትና በማጠፍ ነበር። ውጋት ያለበት ሳንቲም «የተበላሸ» አይደለም። ሰው በእጁ ይዞ የተጠራጠረው ገንዘብ ነው። አትጠግኑት፣ የታጠፈውንም አታቃኑ። አሮጌ ብር ይሰነጠቃል።

ደረጃ 8፦ ሐሰተኛውን ለዩ

ጠርዙን ዙሪያውን በመነጽር እዩ። ወጥ የሆነ የስፌት መስመር ካለ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የተፈሰሰ ነው። በፊደሎቹ መካከል ክብ ክብ ቀዳዳ ካለም እንደዚያው። በመዶሻ የተመታ ብር ወደ ጠርዝ የፈሰሰ ጨረር መሰል መስመር ይተዋል፤ ፊደሎቹም ሥራቸው ስለታም ነው። የተፈሰሰው እንደ ሳሙና ልስልስ ይላል።

ከዚያ ሳንቲሙን ከጨረታ ፎቶዎች ጋር አስተያዩ። ከአንድ ማተሚያ የወጡ ሁለት እውነተኛ ሳንቲሞች ፊደላቸው ይመሳሰላል፤ ስንጥቃቸውና የጠርዛቸው ቅርጽ ግን አይመሳሰልም። ስንጥቁም ጠርዙም አንድ ከሆነ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ነው። በቫይኪንግ ገበያዎች የሚሸጡ የማስታወሻ ቅጂዎችም ብዙ ናቸው። በራሳቸው ክፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ ሻጩ ሲዋሽ ነው።

ደረጃ 9፦ መዝግቡ

በዚህ መልክ ጻፉ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስቀመጥኳቸው፦

«ክብደት 0.87 ግራም። ወርድ 16.8 በ17.4 ሚሊሜትር። የፊቶች አቅጣጫ 90 ዲግሪ። ፊት፦ ባለ ሦስት ጫፍ ቋጠሮ፣ መነሻ መስቀል፣ ከዚያ ኤ፣ አር፣ ከዚያ ሁለት ፊደል አይነበብም። ጀርባ፦ ድርብ መስቀል፣ ጽሑፉ አይነበብም። ሁለት የቢላ ውጋት። አልታጠበም። ግምት፦ ሃራልድ ሃርድሮደ፣ በከፊል እርግጠኛ።»

ያያችሁትንና የገመታችሁትን አትደባልቁ። ከመሬት የወጣ ከሆነ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጨምሩ።

መዝገቡንና ስምንቱን ፎቶ አንድ ላይ አድርጋችሁ ላኩ፦ ለኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የባህል ታሪክ ሙዚየም፣ ለዴንማርክ በኮፐንሃገን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ለስዊድን በስቶክሆልም የኢኮኖሚ ሙዚየም። መጀመሪያ ፎቶው ይሂድ። ሳንቲሙን በፖስታ አትላኩ።

ደረጃ 10፦ አስቀምጡ

ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣል። ከአሲድ ነፃ የሆነ የወረቀት ኤንቨሎፕ ግዙ፤ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር አድርጉት። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አይሆኑም። ጎማና ሱፍ ከአጠገቡ አርቁ፤ ድኝ ስላላቸው ብሩን ያጠቁሩታል።

ኤንቨሎፑ ላይ የምትጽፉትን ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት ጻፉት። ከገባ በኋላ በስክሪብቶ ስትጫኑት ይታጠፋል።